የአዴ ቀነኒ መቀነት

ስልኬ የጮኸው ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ላይ ተሳፋሪ እየጫንኩ ሳለ ነው። የአዴ ቀነኒ ልጅ ሰናይት ነበረች። "ሙሌ፣ እማዬ አረፈች" አለችኝ።

"የት?" አልኳት። ሰው ሞተ ሲባል "እንዴት?" ተብሎ ነው የሚጠየቀው፤ ድንጋጤው ግን አፌ ላይ የመጣውን አስባለኝ።

"ሱሉልታ ገበያ ውስጥ። ሽንኩርት ገዝተን ስንመለስ ትንሽ ልረፍ ብላ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ስጠራት ዝም አለችኝ።"

ሚኒባሱን ዳር አስይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሴትዮ "ሾፌር፣ ምን ሆነህ ነው?" ሲሉኝ ሰው እንደሞተብኝ ነገርኳቸው። ዘመድ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዴ ቀነኒ ዘመዴ አይደሉም፤ አለቃዬ መሆናቸውም ከቀረ ቆይቷል። ምን ብዬ እንደማስረዳ ቸገረኝና "እናቴ ናቸው" አልኩ። ሴትዮዋ እግዜር ያጽናህ ብለውኝ ወረዱ፣ ሌላውም ተከትሏቸው ሌላ መኪና ያዘ።

እኔ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት መንገዶች ላይ ስነዳ ያላየሁት የለም። አዴ ቀነኒ ግን በሕይወት እያሉ አንድ ጊዜ፣ ከሞቱ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ክው አድርገውኛል። ሁለተኛው ይብሳል፤ እሱን ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መጀመር አለብኝ።

የተዋወቅነው ሰበታ ነው። ከሰበታ ወጥቶ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር አዲስ ከተማ ሊቆረቆር ነው ተብሎ አንድ አማካሪ ድርጅት ቢሮ ከፍቶ ነበር፤ ድርጅቱ ዛሬ የለም። እሳቸው የከተማ ፕላነር፣ እኔ የመስክ መኪናው ሾፌር። አጠር ደልደል ያሉ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው ከላይ የወንድ ባርኔጣ የሚደርቡ ሴት ነበሩ። የተወለዱት እዚያው አካባቢ፣ ከገበሬ ቤት ነው። ወሬ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ። ኢንጂነር መባል አይወዱም። ገበሬዎቹ አዴ ቀነኒ ይሏቸዋል፣ ወይዘሮ ቀነኒ እንደማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው ለመድኩ።

መጀመሪያ ቀን ጋቢና ገብተው እንደተቀመጡ "ሙላት፣ ከተማ ማለት ላንተ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"መጨናነቅ ነው" አልኳቸው።

"ሆድ ነው" አሉኝ። "ዝም ካልከው ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ አይጠግብም። ስለዚህ በመቀነት ጠበቅ አድርገህ ታስረዋለህ።"

መቀነት የሚሉት በከተማው ዙሪያ የሚተወውን የእርሻ መሬት ነው። ሐሳቡን እሳቸው አልፈጠሩትም፤ በሌላ አገር ከድሮ ጀምሮ የተሞከረ፣ የአትክልት ከተማ የሚባል አሠራር እንደሆነ መንገድ ላይ በየቀኑ ይነግሩኝ ነበር። ከተማው ልክ አለው። ልኩ ሲሞላ አይለጠጥም፤ ማሳ ተሻግሮ ሌላ ከተማ ይጀመራል እንጂ። ቤቱ፣ ሥራውና ገበያው በእግር የሚደረስ ይሆናል። የመሬቱ ዋጋ ሲያድግ ጥቅሙ ለነዋሪው ሁሉ ይተርፋል፤ ለአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይሆንም። በመቀነቱ ውስጥ ያለው ገበሬ ደግሞ አይነሣም። እዚያው እያረሰ ከተማውን ይቀልባል።

"አበባውስ የት ነው የሚተከለው?" አልኳቸው አንድ ቀን ላሾፍ ብዬ።

"የአትክልት ከተማ ሲባል ሁላችሁም አበባ ይታያችኋል። እኔ ጎመን ነው ያልኩት" አሉኝ።

ለሥራ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ስንዞር በየመንገዱ ይፈትኑኛል። "እነዚህ ሦስቱ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ነበሩ። ከአዲስ አበባ የሚለያቸው ማሳ ነበር። እስቲ አሁን ከአዲስ አበባ የት ጋ እንደወጣህ፣ ሰበታ የት ጋ እንደገባህ ንገረኝ።" መንገር አልችልም ነበር። ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገና ሱቅ ከሱቅ ተያይዟል፤ ወሰኑን የማውቀው በታክሲ ታሪፍ ብቻ ነው። ይህን ስላቸው ሳቁ።

አሠራራቸው ነበር የሚገርመው። አንድ መንገድ ወረቀት ላይ ካሰመሩ በኋላ ሜዳው ላይ ወርደው በእግራቸው ይሄዱታል። ባዶ እጃቸውን ግን አይደለም፤ ውሃ የተሞላ ጀሪካን ይዘው ነው። "ልያዝልዎት?" ስላቸው "አንተ ጎረምሳ ነህ፤ ላንተ ተለክቶ የተሠራ መንገድ ለማንም አይሆንም" ይሉኛል። ቤቶቹ ሊሠሩበት ከታሰበው ቦታ ገበያው ሊቆምበት ወደታሰበው ቦታ እያለከለኩ ይሄዳሉ። ደክሟቸው ጀሪካኑን ያስቀመጡበት ቦታ ላይ እኔ ችካል እተክላለሁ። እዚያ ጋ ዛፍና መቀመጫ ይሆናል ማለት ነው። የቢሮው መሐንዲሶች ይስቁባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁባቸው ነበር፤ ስለዚህ አልተጎዳዱም።

የማይወዱት ነገር ቢኖር በየአደባባዩ መሐል ታጥሮ የሚበቅለውን ሳር ነው። አንድ ጊዜ "መርገጥ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ አይተው መኪናውን አስቆሙኝና አጥሩን ተሻግረው ሳሩ ላይ ቁጭ አሉ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ። "እትዬ፣ እዚህ አይቀመጡም" አላቸው። "ለምን የተተከለ ነው?" አሉት። "ለዕይታ" አለ። "እያየሁት እኮ ነው" ብለው ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው ዘገኑለት። ጥበቃው ግራ ቀኝ አየና አጠገባቸው ቁጭ አለ። እኔ መኪናውን ያቆምኩት በማይቆምበት ቦታ ስለነበር የተቀጣሁት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ስል መልአክ አስመስዬ እንዳላቀርባቸው። ግትር ነበሩ። አንድ ነገር ትክክል ነው ካሉ ሌላው ሰው የሚለው በጆሯቸው አይገባም። ሐሳብ ያቀረበላቸውን ሰው አንዳንዴ መልስ እንኳ አይሰጡትም፤ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወሬ ይቀይራሉ። ይህ ጠባያቸው ምን እንዳስከተለ እነግራችኋለሁ።

መቀነቱ ውስጥ ከነበሩት ገበሬዎች አንዱ ኦቦ ደገፋ ይባላሉ፣ አቶ ደገፋ እንደማለት ነው። ዕድሜያቸው ከአዴ ቀነኒ ይበልጣል፤ ረጅም፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። ቤታቸው ማሳው መሐል ነበር፤ አባታቸው የሠራው፣ እሳቸው ቆርቆሮ ያለበሱት። ፕላኑን ለማስረዳት ከቤታቸው አጠገብ ባለው ሾላ ሥር ስብሰባ በተጠራ ቀን ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ እሳቸው ተነሡ።

"ከተማው ሲመጣ እኛ የት እንሄዳለን?"

"የትም አይሄዱም። አንቱ ያሉት መቀነቱ ውስጥ ነው። ቤትዎም ማሳዎም አይነካም" አሉ አዴ ቀነኒ።

ኦቦ ደገፋ ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር ርጥብ ሳር ነጩና ሰጧቸው። በአገሬው ወግ ርጥብ ሳር ተይዞ የተነገረ ነገር ከባድ ነው፤ ለእርቅ ሲሆን፣ ለምርቃት ሲሆን፣ ለልመና ሲሆን ነው የሚያዘው። ሳር በእጁ ይዞ የሚዋሽ የለም። "እንግዲህ ይህን ይዘሽ ድገሚው" አሏቸው። አዴ ቀነኒ ተቀብለው ያንኑ ቃል በኦሮምኛ ደገሙት። ሽማግሌዎቹ "ሃ ተኡ" አሉ፣ ይሁን ማለታቸው ነው። እኔ መኪናው ላይ ተደግፌ ስሰማ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ደላሎች አካባቢውን ወረሩት። ከመቀነቱ ውጭ የነበሩት ጎረቤቶች አንዱ ካሳ ተቀብሎ፣ አንዱ ሸጦ ሄደ። ኦቦ ደገፋንም ሳይመሽብህ ሽጥ ያላቸው ብዙ ነው። እሳቸው ግን "አዴ ቀነኒ አይነካም ብላለች" ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም።

ካርታው አልቆ ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕለት ሁላችንም ቆመን አየነው። መሐሉ ቤቱ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፤ ዙሪያውን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ የተቀባ ሰፊ መቀነት። ያምር ነበር። አንዱ ቀያሽ "የገበሬዎቹን ቤቶች ነጥብ ነጥብ አድርገን እናስገባቸው ይሆን?" ብሎ ጠየቀ።

"ማሳ ባለበት ገበሬ አለ። ይህ የሚጠፋው ሰው የለም" አሉ አዴ ቀነኒ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ማውራት ጀመሩ።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ከተማ የተወለደ ፕላነር ቢሆን ኖሮ ቤቶቹን አንድ በአንድ ይሥላቸው ነበር። እሳቸው ማሳ ውስጥ ተወልደው ማሳ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ማሳ አይቶ ባዶ መሬት ነው የሚል ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብለው ሊያስቡ አልቻሉም።

የድርጅቱ ሥራ አለቀ፣ ፕሮጀክቱ ወደ ሌሎች እጅ ተላለፈ። አዴ ቀነኒ ሱሉልታ ሌላ ሥራ አገኙና እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ ክረምት፣ ጠዋት፣ ቢሮ በር ላይ ቆሜ መኪና ሳጥብ ስልካቸውን እንደያዙ ወጡ። ባርኔጣቸውን አላደረጉም።

"የኦቦ ደገፋ ልጅ ናት፣ ቡራዩ ያለችው። የአባቴ ቤት እየፈረሰ ነው ትላለች" አሉኝ። "ተሳስታ ነው። እዚያ ማንም ማፍረስ አይችልም።"

ከሱሉልታ ሰበታ አዲስ አበባን አቋርጦ መሄድ ነው። መንገዱን ሁሉ "ተሳስታ ነው" ይላሉ፤ እኔ ፍሬንና ነዳጅ እረግጣለሁ። ስንደርስ ዶዘሩ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል። ቆርቆሮው መሬት ላይ ተጨራምቷል፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኗል። አልጋው፣ የእህል ጆንያው፣ ቀንበሩ ማሳው ላይ ወጥተው ዝናብ ይመታቸዋል። የኦቦ ደገፋ ሚስት ሾላው ሥር ተቀምጠዋል።

የአፍራሾቹ ኃላፊ ወጣት ባለሙያ ነው። ካርታውን በላስቲክ ሸፍኖ የፒካፑ ኮፈን ላይ ዘርግቶታል። አዴ ቀነኒ ሄደው ምን እየተደረገ እንደሆነ ሲጠይቁት በትህትና መለሰላቸው።

"አረንጓዴ ቦታ ላይ የተሠራ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው፣ እናቴ።"

"እኚህ ሰውዬ እዚህ ቤት ነው የተወለዱት።"

"ሊሆን ይችላል። ፕላኑ ላይ ግን ቤት የለም። ይኸው ይዩት፣ አረንጓዴ ብቻ ነው።" ከዚያ የመጡበትን ሊያውቅ ፈልጎ "ማን ልበል?" አላቸው።

"ቀነኒ እባላለሁ።"

የልጁ ፊት ፈካ። የካርታውን ጥግ ገልጦ ከታች የተጻፈውን ስም አየ፣ እሳቸውንም አየ። "ኢንጂነር ቀነኒ? ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት? እኛ እኮ ሥልጠና ላይ የተማርነው በእርስዎ ፕላን ነው። የሌላው ከተማ አረንጓዴ ሁሉ በጨረቃ ቤት ተበልቶ አልቋል። የእርስዎን ነው ያተረፍነው። እያስከበርንልዎት ነው።" ስልኩን አወጣ። "ካላስቸገርኩዎት አብረን ፎቶ ብንነሣ?"

የመጀመሪያው ክው ማለቴ ይህ ነው። ልጁ ተሳድቦ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። እሱ ግን ከልቡ እያመሰገናቸው ነው። ያንን ቤት ያፈረሰው ክፉ ሰው እንዲሆን ያን ቀን የፈለግኩትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም፤ አልነበረም።

አዴ ቀነኒ ካርታው ላይ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አረንጓዴው ላይ ይሄዱ ጀመር፤ የሆነ ቦታ ላይ ቤቱን የሚያገኙት ይመስል። ኦቦ ደገፋ ያን ጊዜ ነው የመጡት። እንደወጉ "አካም ቡልተኒ" ብለው እንዴት እንዳደሩ ጠየቋቸው። በዚያች ሰዓት እንኳ ሰላምታ አላስቀሩም። ከዚያም አጠገባቸው ቆመው ካርታውን አብረው አዩ።

"አዴ ቀነኒ፣ ቤቴን የት ጋ ነው የሣልሽው?"

"አልሣልኩትም።"

"ለምን?"

"ሁሉም ሰው የሚያየው መስሎኝ" አሉ።

ኦቦ ደገፋ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ዕቃቸው ተመለሱ። ስድብ ወይም እርግማን ጠብቄ ነበር፣ እሳቸው ግን ጆንያውን ከዝናብ ማሸሽ ያዙ። ልጁ ስልኩን እንደያዘ ቆሟል። አዴ ቀነኒ ቀና አሉና "ፎቶ እንነሣ ብለሃል፣ ና" አሉት። ሄደው የተጨራመተው ቆርቆሮ ላይ ቆሙ። "እዚህ ጋ አንሣኝ። ሥልጠናችሁ ላይ ይህንንም አሳዩት።" ልጁ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አዴ ቀነኒ አንድ ሥራ ብቻ ሠሩ ማለት ይቻላል፤ ያ ቤት ካርታው ላይ እንዲገባና ኦቦ ደገፋ ወደ መሬታቸው እንዲመለሱ መለመን። ቢሮ ለቢሮ ይዣቸው ዞርኩ። በየቢሮው ገብተው የሚናገሩት የመጀመሪያ ቃል "ስህተቱ የእኔ ነው" የሚል ነበር። እኔ በሕይወቴ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ ጸሐፊዎቹም ቀና ብለው ነው የሚያዩዋቸው። አንድ ኃላፊ በርኅራኄ "ኢንጂነር፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። ክፍተት ታይቷል ነው የሚባለው" አሏቸው።

"ክፍተት አይደለም። ሰው ነው የረሳሁት" አሉ።

ሌላው ደግሞ መውጫ አሳያቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ካርታው ተለውጧል ብለው ቢፈርሙ ነገሩ በሌሎች ላይ ይሆንና ይፈጥናል። አዴ ቀነኒ አመስግነው ወጡ። መኪና ውስጥ ገብተው በሩን ሲዘጉት መስታወቱ ተናጋ። "አሁን ደግሞ ልዋሽ?" አሉኝ፣ ምክሩን የሰጠኋቸው እኔ ይመስል።

አሠሪዎቻቸው ሱሉልታ ላይ ውላቸውን አላደሱላቸውም። የራሷን ፕላን ተሳስቻለሁ እያለች የምትዞር ፕላነር ለሥራ አትመችም አሉ፤ ከእነሱ አንጻር ሳየው አልፈርድባቸውም። መኪናውም ተወሰደ፣ እኔም የሰው ሚኒባስ ይዤ ቡራዩ መስመር ገባሁ። ኦቦ ደገፋና ሚስታቸው ቡራዩ ልጃቸው ዘንድ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሳልፍ አያቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ሰማይ ያያሉ። ስቆምላቸው "ሰበታ በኩል ዘንቧል?" ብቻ ነው የሚሉኝ። የሚዘራ መሬት የሌለው ገበሬ ስለ ዝናብ ሲጠይቅ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ያልዘነበም እንደሆነ ዘንቧል እላቸው ነበር።

አዴ ቀነኒ በስኳር በሽታ ዓይናቸው እየደከመ፣ በታክሲ እየተጋፉ ቀጠሉበት። በመጨረሻ አንድ ቀን ደወሉልኝ። እያለቀሱ መሆኑ ድምፃቸው ላይ ያስታውቃል። "ሙሌ፣ አሁን ከቢሮ ደወሉልኝ። ቤቱ ፕላኑ ላይ ገብቷል። ኦቦ ደገፋ አሁን ካርታ ላይ አሉ።"

ዕቃቸውን በሚኒባሱ ጭኜ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ማሳው አረም ውጦት ነበር፤ ኦቦ ደገፋ ቁጭ ብለው አፈሩን በእጃቸው ዘገኑ፣ ቤቱንም በዚያው ቦታ መልሰው ሊሠሩ ተነሡ። አሸነፍን ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አልሄድኩም፤ መስመሬ አይደለም። አዴ ቀነኒ ሱሉልታ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፣ የዓይናቸው ብርሃንም ከዓመት ዓመት ቀነሰ። ለበዓል ስጠይቃቸው ከአፋቸው የማይጠፋው ያ ማሳ ነበር። "ከተማው እንዳሰብኩት አልሆነም፤ መቀነቱ ግን አለ" ይሉኝ ነበር።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቷል። ከሰበታም ከቡራዩም ሰው መጥቷል። ኦቦ ደገፋን ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው አገኘኋቸውና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሐዘኑን ለማቅለል ብዬ "ማሳው እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"የቱ ማሳ?" አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

"ቤት ያለበት ቦታ አረንጓዴ አይባልም አሉ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የእኔን ቤት ሲያስገቡ ቀለሙን ቀየሩት። አረንጓዴ መሆኑ ሲቀር የመኖሪያ ቦታ ሆነ። የእኔን ብቻ አይደለም፤ መቀነቱን በሞላ። እኔ በተመለስኩ በዓመቱ ቀያሽ መጥቶ እስከ ደጄ ድረስ ሸነሸነው። አሁን በሬን ስከፍት የማየው የሰው ግንብ ነው። ቤቴ ግን አለ። እሷ እንደጠየቀችው ቤቴን አልነኩትም።"

የሰማሁት ነገር አልገባኝም ማለት ይቀለኛል። ገብቶኝ ነበር፤ ሁለተኛው ይብሳል ያልኩት ይህን ነው። ያ መቀነት ለዓመታት የቆመው ማንም ቤት ስላልሣለበት ነው። አዴ ቀነኒ ያችን ቤት ለማስገባት ሲሉ ሥራቸውን አጡ፣ ታመው በየቢሮው ደጃፍ ቆሙ። የሠሩትን ሁሉ ያፈረሰውም ያ ልፋታቸው ነው። ስንት ጊዜ ከቢሮ ሲወጡ በር ከፍቼላቸዋለሁ፣ ስንት ጊዜ አይዞዎት ብያቸዋለሁ።

"እሳቸው ያውቁ ነበር?" አልኩ በመጨረሻ።

"አታውቅም። ልነግራት እዚህ ድረስ መጥቼ ነበር። ዓይኗ አያይም፣ በድምፄ ለየችኝ። ገና ሳልቀመጥ 'በቆሎው ደረሰ?' አለችኝ። ምን ልበላት? ደርሷል አልኳት።" ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። "ካልኩ በኋላ መመለሻ የለውም። ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ ከተጂ ገበያ እሸት እየገዛሁ፣ ከማሳው ነው እያልኩ አመጣላት ነበር። ልየው ውሰዱኝ ስትል መንገዱ ጭቃ ነው እላታለሁ። ባለፈው እሸቱን አስጠብሳ በላችና 'የዚያን መሬት ጣዕም የትም አውቀዋለሁ' አለችኝ።"

"ምን አሏቸው?"

"ልክ ነሽ አልኳት።"

ኦቦ ደገፋ አንድ ጊዜ ቤቴን የት ጋ ነው የሣልሽው ብለው ጠይቀዋቸዋል፤ ጥያቄው ምን እንዳደረጋቸውም አይተዋል። ማሳዬስ ብለው ዳግመኛ ሊጠይቋቸው አልቻሉም። ቤት የፈረሰባቸው፣ ማሳ የሄደባቸው ኦቦ ደገፋ ሆነው ሳለ አዴ ቀነኒን ያስታመሙት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ልጠይቃቸው ስሄድ ከዚያ እሸት በልቻለሁ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ሰናይት በጥቁር ልብስ መጥታ ከኦቦ ደገፋ ፊት በርከክ አለች። ዓይኗ አብጧል። "ኦቦ ደገፋ፣ እማዬ ማሳዎን ሳታነሣ የዋለችበት ቀን የለም" አለቻቸው። "እኔ አንድም ቀን አላየሁትም፤ ሥራ እያልኩ። ከአርባዋ በኋላ ልጆቼን ይዤ ልምጣ። አያታቸው የሠራችውን ይዩ።"

ኦቦ ደገፋ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ኑ፣ ልጄ" አሏት። "በቆሎው ሲደርስ አስደውልልሻለሁ።"